«ሄደ» እና «ቆረጡብን»

ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2025 ረፋድ ላይ፣ በቤርሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ በተጠለልንበት ሚክላት፣ ማለት የጋራ መጠለያ፣ ውስጥ መብራቱ አልጠፋም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ያን ዕለት እስከ ማታ ስናወራ የዋልነው ስለ መብራት መጥፋት ስለነበር ነው።

ቤርሼቫ የድሮ ሰፈሮቿን በፊደል ነው የሰየመቻቸው፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት፣ ሄ እያለች ቫቭ ላይ ትደርሳለች። የእኛ ሕንፃ ከቆዩት አንዱ ነው። በየቤቱ መማድ የሚሉት የተጠናከረ ክፍል ግዴታ የሆነው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠራ ሕንፃ የሚኖር ሰው አዛካው፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረን፣ ሲጮህ ደረጃውን መውረድ አለበት። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች አይሮጡም። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እኛ ከኋላ «ቶሎ በሉ» ለማለት እያፈርን እንከተላለን። ከታች የላስቲክ ወንበር፣ ነጭ አምፖል፣ ሽታው የማይለቅ የታፈነ አየር። አንዲት እናት ቡናቸውን በፔርሙስ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጀበና በሚክላት እንደማይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ተምረዋል።

ከአራት ቀን በፊት የኢራን ሚሳይል ሶሮካ ሆስፒታልን መትቶ ነበር። የሰፈራችን ሰው ግማሹ የተወለደው፣ ግማሹም የወለደው እዚያ ነው። ስለዚህ ያን ሰኞ «ሩቅ ነው» የሚል አልነበረም።

መጀመሪያ የተናገሩት ስልኮቹ ናቸው። ሐቭራት ሐሽማል፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያው፣ በደቡብ ከአንድ ስልታዊ የመሠረተ ልማት ተቋም አጠገብ ጉዳት በመድረሱ በአንዳንድ አካባቢዎች ኃይል መቋረጡን አስታወቀ። የተባለው ይኸው ነው። የቱ ተቋም? «አጠገብ» ማለት ስንት ሜትር? የወታደራዊው ሳንሱር ሚሳይል ያረፈበትን ትክክለኛ ቦታ ማተም ይከለክላል፤ ምክንያቱም ተኳሹ ዜናውን አንብቦ አነጣጠሩን ያርማል የሚል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ዳሩ ግን ክፍት የተተወ ቦታ ባዶ ሆኖ አያድርም። አንዱ ከከተማችን ደቡብ ያለው የራማት ሖቫቭ የጋዝ ተርባይን ጣቢያ ነው አለ። ሌላው አሽዶድ ነው አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከውስጥ ሰው ሳይኖር እንዲህ አይመታም» አለ። ሚሳይሉ አይደለም፣ ሚሳይሉን ለማክሸፍ የተተኮሰው ፀረ ሚሳይል ስባሪ ነው ያለም ነበር። በመካከሉ እሳት የሚንቦገቦግበት ቪዲዮ መጣ፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁለት ጊዜ ከተመለከትነው በኋላ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርባው ያለው የሱቅ ጽሕፈት ዕብራይስጥ እንዳልሆነ አየ። ልጁን ማንም አላመሰገነውም።

በአማርኛችን መብራት እግር አለው። ይሄዳል፣ ይመጣል። አገር ቤት ያደገ ሰው የሠፈር ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» የሚሉትን ጩኸት እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም። «ሄደ» ስንል አድራጊ የለም፤ መብራቱ ራሱ እንደ ተቀየመ እንግዳ ተነሥቶ እንደወጣ ነው። የጦርነት ጊዜ ግን ግሡ ይለወጣል። «ቆረጡ» ይመጣል፣ ከኋላው «ብን» ትለጠፋለች። «ቆረጡብን»። በዚህች በአንዷ ቃል ውስጥ ድርጊቱ አለ፣ ስማቸው ያልተጠራ ብዙ ሰዎች አሉ፣ የተበደልነው እኛም አለን። «እነማን?» ብትል ሰው ትክ ብሎ ያይሃል። እነሱ ናቸዋ! ከ«ሄደ» ወደ «ቆረጡብን» ለመሻገር ማስረጃ ያስፈልግ ነበር፤ እኛ ግን ፔርሙሱ ዞሮ ሳይመለስ ተሻግረነዋል።

ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት አንድ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ከመምጣታቸው በፊት የመስመር ሠራተኛ ሆነው ለዓመታት ምሰሶ ወጥተዋል። እስካሁን መሥሪያ ቤቱን «መብራት ኃይል» ነው የሚሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት መከፈሉን፣ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መሰጠቱን ብነግራቸውም አልተዋጠላቸውም። አገር ቤት ያለውም ሰው አብዛኛው እንደሳቸው ነው።

«መብራት ስለጠፋ ብቻ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም» አሉ። «ቤትህ ጨለመ ማለት የሆነ ቦታ አንድ ብሬከር ከፈተ ማለት ነው። በቃ።»

ነገሩን ላብራራው። የከፍተኛ ኃይል መስመር በምንም ምክንያት መሬት ሲነካ ወይም እርስ በርሱ ሲገናኝ፣ ሪሌይ የሚባለው ጠባቂ መሣሪያ ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብሬከሩን ያዝዛል፣ መስመሩም ይለያል። ለሪሌዩ ሚሳይልም ዛፍም ንፋስም ክንፉን የዘረጋ አሞራም አንድ ነው። ሌላም አለ። እዚህም ኢትዮጵያም መረቡ የሚሠራው በሴኮንድ በ50 ዙር ነው። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲወጣ ያ ዙር ይወርዳል። መረቡ በሙሉ እንዳይወድቅ መሣሪያው ራሱ አንዳንድ ሰፈሮችን ቆርጦ ይጥላል። እስራኤል ደግሞ ከጎረቤቶቿ መረብ ጋር ስላልተሳሰረች ከማንም አትበደርም፤ የጎደላትን ከራሷ ቆርጣ ነው የምትሞላው። እንግዲህ ሚሳይል አንድ ቦታ ወድቆ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ኩሽና ሊጨልም ይችላል። ያን ኩሽና «የቆረጠው» በቅርብ ሲታይ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሳጥን ነው።

ጋሼ ማስረጃ የሚሉት ብረቱን ነው። የወደቀ ታወር ታሪኩን ይናገራል ይላሉ። ብሎኑ ተፈትቶ፣ ማገሩ ተለቅሞ ከሆነ ሌባ ነው፤ በኢትዮጵያ የታወር ብረት ስርቆት መሥሪያ ቤቱ ዘወትር የሚያማርርበት ጉዳይ ነው። ብረቱ ተተርትሮ ጠርዙ ከተገለበጠ ፈንጂ ነው። ስኒው፣ ማለት ሽቦውን ከታወሩ የሚለየው ሸክላ፣ ብቻውን ተፈርክሶ ከተገኘ ጥይት ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ፈት እረኛም በድንጋይ መትቶት ሊሆን ይችላል። «እኔ በዘመኔ ስንቱን የወንበዴ ሥራ የተባለ የእረኛ ሥራ ጠግኛለሁ» ብለው ሳቁ። አዛካው ሲያባራ ከሁላችን ቀድመው ወጡ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ የተኩስ አቁሙ ሊጀመር ሲል፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተመትቶ አራት ሰው ሞተ። የመብራቱ ወሬ ያን ጊዜ ቆመ።

ያ የእስራኤልና የኢራን የአሥራ ሁለት ቀን ጦርነት ግን ከመጀመሪያውም የነዳጅና የመብራት ጦርነት ነበር። ጁን 14 እስራኤል የኢራንን የደቡብ ፓርስ ጋዝ ማዕከል መታች፤ ቴህራን ዳር ያለው የሻህራን የነዳጅ ዴፖም ነደደ። ወዲያው ኢራን የሃይፋውን ባዛን ማጣሪያ መታች፤ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ የሚያመነጭበት ክፍል ተጎዳ፣ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ፣ ማጣሪያው በሙሉ ቆመ። እስራኤል ገና በመጀመሪያው ቀን የሌቪያታንን የባሕር ጋዝ ጉድጓድ ለጥንቃቄ ስትዘጋ የግብፅ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። እዚህ ላይ «ማን አደረገው?» ብሎ የሚከራከር የለም። ግምቱ የገነነው ከተኩስ አቁሙ በኋላ ነው። በኢራን ከተሞች እሳትና ፍንዳታ በየቦታው ሲነሣ ባለሥልጣኖች ጋዝ አፈትልኮ ነው አሉ፤ ሕዝቡ የእስራኤል እጅ ነው አለ። ያረጀ የጋዝ ቧንቧ ባለበት አገር ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ክፋቱም ይኸው ነው። ጦርነት አንዴ ካለፈ በኋላ ተራ አደጋ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሌላም መባል ያለበት አለ። ከቤርሼቫ ወደ ምዕራብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጉዞ ጋዛ ነው። በጋዛ መብራት የቆረጠውን ለመገመት የሚደክም ሰው የለም። በኦክቶበር 2023 ከሐማስ ጥቃት በኋላ የእስራኤል የኃይል ሚኒስትር ትእዛዙን በይፋ ሰጡ፤ የጋዛ ብቸኛ ማመንጫም ነዳጅ ጨርሶ በቀናት ውስጥ ቆመ። በማርች 2025 ደግሞ የቀረችው መስመር፣ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ተቋም የምታንቀሳቅሰው፣ እንድትቆረጥ ሌላው ሚኒስትር አዘዙ። በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2024 በጠቅላይ ሚኒስትሩና በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ ነዳጅና ኤሌክትሪክ መከልከል ነው፤ እስራኤል ክሱን አትቀበልም። በሚክላታችን ይህ ጉዳይ ሲነሣ አልሰማሁም። እኔም አላነሣሁትም።

ጎረቤቶቼ ሲቆጡ የማየው በሌላ ነው፤ በአገር ቤቱ። የእኛ ሰው ዘሩ ከጎንደርም ከትግራይም ነው፤ አንዱ ቤት አማርኛ፣ ቀጣዩ ቤት ትግርኛ ይነገራል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የክልሉ መብራትና ስልክ በአንድነት ጠፋ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ከትግራይ በኩል የተከዜ ግድብ በአውሮፕላን ተመታ የሚል ክስ ወጣ፤ ፌዴራል መንግሥቱ በፍጹም አለ። ተከዜ ቀላል ነገር አይደለም፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ ነው፣ የማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋዋት። ግድቡ ተመታ ሲባል ሰው በዓይነ ልቡናው የሚያየው ተርባይን አይደለም፤ ሸለቆውን ይዞ የሚወርድ ውኃ ነው። በሽኩና ቫቭ ደረጃ ላይ ሁለት የተከባበሩ ሽማግሌዎች በዚህ ጉዳይ ተኳርፈው እስከ ስግድ በዓል እንዳልተነጋገሩ አውቃለሁ። ሁለቱም ግድቡን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም።

ግድቡ ቆሞ ቀረ፤ ትግራይ ግን የጦርነቱን ሁለት ዓመት አብዛኛውን በጨለማ አሳለፈች። መቀሌ አጠገብ ያለው 120 ሜጋዋት ያመነጫል የተባለው የአሸጎዳ የንፋስ ማመንጫ እንኳ ለከተማዋ ሊደርስላት አልቻለም፤ እንዲህ ያለ ማመንጫ የሚደገፍበት መረብ ከሌለ ብቻውን ሊሠራ አይችልም። መንግሥት መስመሩን ያበላሹት የሕወሓት ኃይሎች ናቸው፣ ጥገናም በጸጥታው ምክንያት አልተቻለም ይል ነበር። ሕወሓት ደግሞ ሆን ተብሎ የተደረገ ከበባ ነው ይል ነበር። በዚሁ ጦርነት የላሊበላ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ተቀመጠ፤ የላሊበላ መስመር የሚመጣው ከአላማጣ ነውና። በአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ምክንያት የሁለቱም ወገን እናት በኩራዝ አመሸች። ሽቦ የክልል ወሰን አያውቅም።

እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ታወሩን ማን እንደጣለው ስንከራከር ሌላው ጥያቄ ተረሳ። መስመር የሚበጠሰው በአንድ ቅጽበት ነው፤ ጨለማው ከዓመት በላይ እንዲቆይ ግን በየቀኑ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ጠጋኙን የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ፣ ለትራንስፎርመሩ የይለፍ ወረቀት የሚፈርም ወይም የማይፈርም። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ኅዳር 27 መቀሌ በአላማጣና በመኾኒ በኩል ከብሔራዊው መረብ ጋር ተገናኘች። ሠላሳ አራት ቀን። ከዓመት በላይ የማይቻል የነበረው ጥገና ሠላሳ አራት ቀን ነው የፈጀው። የመንግሥታቱ ድርጅት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2022 ባወጣው ሪፖርት ፌዴራል መንግሥቱና አጋሮቹ ለትግራይ ሕዝብ መሠረታዊ አገልግሎት ከልክለዋል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ አለ፤ መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለም። ያን ሪፖርት ያነበበ ሰው በሰፈሬ አላገኘሁም። ስለ ተከዜ አውሮፕላኖች ግን ቁጥራቸውን ሳይቀር የሚነግረኝ አለ።

እንዲህ ያለ ነገር እስከ መጨረሻው ተመርምሮ ፍርድ ያገኘበት አንድ የእኛው ጉዳይ አለ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በምጽዋ አጠገብ ያለውን የሕርጊጎ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደበደቡ። ቀኑን ልብ ይሏል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ዘጠነኛ ዓመት ነው። ማመንጫው አዲስ ነበር፤ ገና ሙከራ ላይ።

ኢትዮጵያ «እኔ አይደለሁም» አላለችም። ጉዳዩ በአልጀርስ ስምምነት በሄግ ለተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ሲቀርብ የመብራቱን ባለቤት መፈለግ አላስፈለገም፤ ሙሉ ክርክሩ «ይህን ማድረግ ይፈቀድ ነበር ወይ?» የሚለው ላይ ዋለ። ኤርትራ ማመንጫው የሲቪል ነው፣ ሥራም አልጀመረም አለች። ኢትዮጵያ የምጽዋን ወደብና የባሕር ኃይል ሠፈር የሚመግብ ነው አለች። በዲሴምበር 2005 የኮሚሽኑ አብዛኛው ድምፅ ለኢትዮጵያ ፈረደ፦ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለጦርነት አቅም ያለው ፋይዳ ስለሚታወቅ በአብዛኛው እንደ ወታደራዊ ዒላማ ይቆጠራል፣ ይህኛውም ነው። የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ሃንስ ቫን ሁተ ግን በዚህ ነጥብ ላይ ተለይተው ሐሳባቸውን በጽሑፍ አኖሩ።

የእኔ ልብ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ነው፤ ያልተመረቀ ማመንጫ ጦርነት አያዋጋም። ነገር ግን የተሸናፊውም ሐሳብ በፊርማ መቀመጡን ሳይ ከሚክላት ወሬ በስንት እንደሚሻል አስባለሁ። ኋላ በ2024 ያው ከተማ ሄግ ውስጥ ያለው የወንጀል ፍርድ ቤት የዩክሬንን የመብራት መረብ በመደብደብ የሩሲያ የጦር አዛዦችን፣ ቀጥሎም የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ሾይጉን በስም ጠርቶ ማዘዣ ሲያወጣ፣ ሚዛኑ ከሕርጊጎ ጊዜ ወዲህ ወደ ሌላ ጎን ማዘንበሉን አየሁ። አድራጊው ባልታወቀበት ጊዜ ደግሞ ምርመራው ምን ያህል እንደሚጓተት የኖርድ ስትሪም ቧንቧ ምስክር ነው። በሴፕቴምበር 2022 ባልቲክ ባሕር ውስጥ ሲፈነዳ ዓለም በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንጀለኛውን ለየ፤ አንዱ ሩሲያ፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ዩክሬን እያለ። ስዊድንና ዴንማርክ መዝገባቸውን በ2024 ዘጉ። በጀርመን ማዘዣ አንድ ዩክሬናዊ ተጠርጣሪ ጣሊያን ውስጥ የተያዘው ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በኦገስት 2025 ነው።

ለነገሩ የዚህ ዓይነት ክርክር በዚህች በእኛ ከተማ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት ቤርሳቤህ የሚላት ይህችኑ ቤርሼቫን ነው። በምዕራፍ 21 አብርሃም በጌራራው ንጉሥ በአቢሜሌክ ላይ አቤቱታ ያቀርባል፤ ሎሌዎችህ የቆፈርኩትን የውኃ ጉድጓድ በጉልበት ወሰዱብኝ ብሎ። የንጉሡን መልስ ስንቶቻችን አስተውለነዋል? አድራጊውን እንደማያውቅ፣ አብርሃምም እንዳልነገረው፣ ነገሩንም ገና ያን ዕለት መስማቱን ነው የተናገረው። የዛሬ ቃል አቀባይ ከዚህ የተሻለ አያረቅቅም። አብርሃም ግን በ«ማን ነው» አልተከራከረም። ሰባት ቄብ በጎች ለይቶ አቆመ፤ ንጉሡ እነሱን ሲቀበል ጉድጓዱን የቆፈረው አብርሃም ለመሆኑ ምስክር እንዲሆኑ። ተማማሉም። ከአንድ ትውልድ በኋላ ይስሐቅ ሲመጣ ግን የአባቱ ጉድጓዶች በአፈር ተደፍነው አገኛቸው።

የጉድጓዱ ቦታ የሚባለው በአሮጌው ከተማ ዛሬ የጎብኚ ማዕከል ሆኗል። ቄሳችንን ስለ ጉድጓዱ ብጠይቃቸው ሌላ ነገር ነገሩኝ፦ ሐሽማል፣ ዕብራይስጡ ኤሌክትሪክ የሚልበት ቃል፣ ከሕዝቅኤል ራእይ የመጣ ነው፤ ነቢዩ በእሳቱ መካከል ያየው ነጸብራቅ። «ነቢዩም ምን እንደሆነ አላወቀም» አሉ።

ተኩሱ ካቆመ ከሳምንታት በኋላ፣ ቅዳሜ ከመሸ፣ ፔርሙስ ይዘው የሚወርዱት እናት ቤት ነበርኩ፤ አሁን ጀበናው ተመልሷል። ጎንደር ካለች የአክስታቸው ልጅ ጋር በስልክ ይነጋገራሉ፣ ድምፁን ለሁላችን ከፍተውታል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ውጊያ ስላለ ጥሪው ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው።

«መብራት አለ?»

«ሄዷል፣ እትዬ። ከማምሻው ጀምሮ።»

«ሄዶ ነው ወይስ ቆርጠውት?»

ከዚያ ማዶ የሆነ ነገር ሲንኳኳ፣ የመሳቢያ ድምፅም ተሰማ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ ክብሪቱን ላግኝ።»